ኤርሳዶ ያለበሰው ጠላቂ

በሶዶ ከተማ፣ ወደ አረካ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ባለቤቱ ኤርሳዶ ይባላል፤ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ባለባጃጆቹ ጎማ አስጠግነው ዋጋ ሲከራከሩት እንኳ ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል። ዘይት የነካ ጨርቅ በጎማ ከመነዳሪ ላይ ተጥሎ ካየ ግን ለጣለው ሰው ወዮለት! «አንሳ! አንሳልኝ ብያለሁ! ጎማና ቅባት አንድ ላይ አይቀመጥም!» እያለ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። ልጆቹ «የኤርሳዶ አምስተኛው ወንጌል» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ይህን ቀልድ አይወደውም። በዚህ ነገር ሰው ሞቶበታል።

የሞተው ቶማ የሚባል ጓደኛው ነው። የገደለው ደግሞ ኤርሳዶ ራሱ ነው፤ ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሆዱ ይዞት ኖረ። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግራት እሷም አምስት ዓመት ሆናት ካረፈች። የቶማ ሚስት ጥሩነሽ ግን አለች፤ ሁምቦ ትኖራለች። ባሏ በገዛ ቸልተኝነቱ እንደሞተ ነው የምታውቀው፤ እንዲያ ብሎ የነገራት ኤርሳዶ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለታቸውም በሕይወት ሳሉ፣ እውነቱን ሊነግራት እንደሚገባ ያውቃል። ማወቁን ያውቃል፤ አፉ ነው እምቢ ያለው።

ነገሩ የሆነው ምጽዋ ነው። ኤርሳዶ በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «የወላይታ ልጅ ባሕር ላይ ምን ትሠራለህ?» ይለዋል። ጠላቂ አልነበረም፤ ጠላቂዎችን የሚያለብስ ሰው ነበር። ማልበስ ሲባል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የሚጠልቅ ሰው የአየር ጠርሙስ ጀርባው ላይ አዝሎ እንደ ልቡ ይዋኛል። ያኔ ግን ሩሲያ ሠራሽ የሆነ፣ በሁለት ሸራ መካከል ጎማ የተነጠፈበት፣ ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ ልብስ ነበር። ዚፕ የለው፣ ቁልፍ የለው። ሰውየው የሚገባው በአንገቱ ነው። አራት ሰው የአንገቱን ጎማ በአራት በኩል ይዞ ይለጥጠዋል፤ ጠላቂው እግሩን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ጫማው ይመጣል፤ ሶሉ እርሳስ ነው፣ አንዱ ብቻ አሥር ኪሎ ይመዝናል። ደረትና ጀርባው ላይም እርሳስ ይንጠለጠልበታል። ትከሻው ላይ የብረት ሰሌዳ ይጫናል፤ በሰሌዳው ላይ ባለመስኮቱ የመዳብ ቁር ይደፋና በሦስት ብሎን ይታሰራል። አየር የሚመጣለት ጀልባው ላይ ካለው ፓምፕ በቱቦ ነው።

ይህን ሁሉ የለበሰ ሰው በመሬት ላይ ሕፃን ነው። ሁለት እርምጃ ለመሄድ ደጋፊ ይፈልጋል፤ አፍንጫውን ቢበላው ማከክ አይችልም። ሁሉን የሚያደርግለት አልባሹ ነው። መስኮቱን በመጨረሻ የሚዘጋው አልባሹ ነው። ከዚያም ቁሩን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግለታል፤ ጨርሻለሁ፣ ሂድ ማለት ነው። ጠላቂው ከወረደ በኋላ ገመዱን ይዞ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ከታች አንድ ጊዜ ከተሳበ ደህና ነኝ ነው፤ አራት ጊዜ ከተሳበ አውጡኝ።

ኤርሳዶ የሚያለብሰው ቶማን ነበር። ቶማ የሁምቦ ልጅ፣ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቅ የሚቀድመው ሰው ነበር። በሦስት ዓመት ይበልጠዋል። በዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል ሁለቱ ብቻ በወላይትኛ ይጫወታሉ፤ አዛዡ ሲቆጣቸው እንኳ በወላይትኛ ያሙታል። ቶማ ሚስት አግብቶ በሁለተኛ ወሩ ነው ወደ ምጽዋ የተመለሰው፤ ጥቂት ቆይቶም ሚስቱ ማርገዟን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ያን ቀን ቁሩ ውስጥ ሆኖ መዝሙር ሲዘምር ኤርሳዶ በመስኮቱ ከንፈሩን አይቶታል። ድምፁ አልተሰማም። ባይሰማም ጥሩ፤ ዘመኑ ጴንጤ የሚታሰርበት ዘመን ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ልብስ ውጭ የሚቀረው እጅ ብቻ ነው። እጅጌው ጫፍ ላይ ውሃ እንዳያስገባ የእጅ አንጓን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ስስ ጎማ አለ። እጅ በዚያ ጎማ እንዲያልፍ በሳሙና ይለቀለቃል። ደንቡ ሳሙና ነው። የምጽዋ ሙቀትና ጨው ግን የቶማን የእጅ አንጓ ላጠው፤ ሳሙናው ሲነካው ጥርሱን ይነክስ ነበር። ኤርሳዶ ይህን እያየ አንጀቱ አልቻለም። እናቱ ከሶዶ በጣሳ የላከችለት ቅቤ ነበረው። ቅቤ በወላይታ ምን የማያደርግ ነገር አለ? አራስ ይቀባል፣ ሕፃን ይታሽበታል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ይድንበታል። አውጥቶ የቶማን አንጓ ቀባው፤ እጁ በጎማው ውስጥ ሽው ብሎ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ በሳሙና ፈንታ ቅቤ ሆነ። ቁስሉም ደረቀ። ቶማ እጁን እያሸተተ «ዛሬስ ቤቴ ገብቼ የወጣሁ መሰለኝ» ይል ነበር።

ሩሲያዊው አሠልጣኝ በአስተርጓሚ ደጋግሞ የተናገረው ነገር ነበር፤ ቅባት ጎማ አጠገብ እንዳይደርስ! ኤርሳዶ ሰምቷል። ቅባት ሲባል ግን የመሰለው የመኪና ዘይት፣ ግራሶ፣ ያ ጥቁሩ ነገር ነው። ቅቤ ደግሞ እንዴት ተብሎ ከግራሶ ጋር ይቆጠራል? ቅቤ እኮ ነው!

በ1979 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በአንዲት የጭነት መርከብ ፕሮፔለር ላይ ገመድ ተጠምጥሞ ቶማ ሊቆርጠው ወረደ። ኤርሳዶ አለበሰው፤ ቀባው፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ቁሩን መታ መታ አደረገለት። ቶማ ከመርከቧ ሥር ቆሞ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ በቢላዋ ገመዱን ይቆርጥ ጀመር። ላይ ያሉት ሰዎች አረፋው በአንድ ቦታ ሲበዛ አዩ። ኤርሳዶ በእጁ የያዘውን ገመድ አንድ ጊዜ ስቦ ጠየቀ፤ መልስ አልመጣም። ቀጥሎ ከታች አንድ ስበት ተሰማው፤ ሁለተኛው ደከመ፤ ሦስተኛ አልነበረም። ጎትተው አወጡት። ኤርሳዶ መስኮቱን ሲፈታው ከቁሩ ውስጥ ውሃ ተንዶለዶለ።

ሁለቱም የአንጓ ጎማዎች ተቀድደው ነበር። አየሩ ከላይ በተዘረጋው እጅ ወጣ፤ ውሃው በታችኛው እጅ ገባ። ኤርሳዶ ጎማውን በጣቱ ሲነካው እንደ ቀለጠ ሙጫ ተልመጠመጠ፤ ጣቱ ገብቶ በዚያኛው በኩል ወጣ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። የቅቤውን ጣሳ ማንም ሳያየው ባሕር ውስጥ ጣለው።

መርማሪዎች መጡ። «እጁን በምን ነበር የምታሳልፈው?» ብለው ጠየቁት። «በሳሙና» አለ። በቃ፣ አንድ ቃል። ጠላቂ የራሱን ልብስ ጥላ ውስጥ አጥቦ ማስቀመጥ፣ ከመልበሱም በፊት መርምሮ መፈረም ግዴታው ነበር፤ ስለዚህ «ሟች ልብሱን በአግባቡ ባለመያዙ፣ በራሱ ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈ። ቶማ እዚያው ምጽዋ ተቀበረ። ወረቀቱንና ሻንጣውን ለቤተሰቡ እንዲያደርስ የታዘዘው ማን ይመስላችኋል? የአገሩ ልጅ፣ ኤርሳዶ።

ሁምቦ ሲደርስ የሞቱ ወሬ ቀድሞት፣ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ጠበቀው። በሜዳው ላይ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። በወላይታ ለቅሶ ላይ የሟች ሥራ ይወደሳል፤ ምን እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ወንድ እንደነበረ በዜማ ይነገርለታል። ሴቶቹ የቶማን ውዳሴ ጀምረው ነበር። አንድ ሽማግሌ አስቁመው «ቆዩ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ይነበብ» አሉ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፤ እዚያ ከነበሩት የሚያነበው ጥቂት ነው። ኤርሳዶ ቆመ፤ እያንዳንዱን መስመር ወደ ወላይትኛ እየመለሰ አነበበላቸው። «በራሱ ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘሎ ማለፍ ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ግን ፈራ፤ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢኖርስ ብሎ ፈራ። አነበበው። ውዳሴውን ያነሡት ሴቶች አልቀጠሉም። በራሱ ጥፋት ለሞተ ሰው ምን ይባልለታል? ጥሩነሽ ሆዷን ይዛ መሬቱን ታይ ነበር። ኤርሳዶ ሻንጣውን አስረከበ፤ በዚያው ቀን ሳያለቅስ ወደ ሶዶ ተሳፈረ።

ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ ሶዶ ተመለሰና በሚያውቀው ሥራ፣ በጎማ መለጠፍ፣ ጎሚስታ ቤት ከፈተ። አገባ፣ ልጆች አሳደገ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሰው የሚያከብረው አገልጋይ ሆነ። ጥሩነሽ ደግሞ ሌላ ባል ሳታገባ ኖረች። እሱ ከተመለሰ ወዲህ በየዓመቱ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በገባ በሳምንቱ፣ ልጇን ኤልሳዕን ይዛ ትጠይቀዋለች። የባሏ ጓደኛ ነዋ! የባሏን ሻንጣ ያደረሰላት ሰው ነዋ! ባዶ እጇን አትመጣም፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታመጣለታለች። ኤርሳዶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላታል፤ ስትሄድ ለጎረቤት ይሰጠዋል። አንድ ቀን እንኳ ቀምሶት አያውቅም።

ዘንድሮ ግን፣ ከጊፋታ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሳሊህ የሚባለው ጅምላ ነጋዴ ፒክአፑን ደጁ ላይ አቁሞ ጮኸ። «ጋሽ ኤርሳዶ! ወላሂ ጉድ ይዤልዎት መጣሁ!» ሳሊህ ከስልጤ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፤ አሁን ሆቴል እየሠራ ነው። ሸራውን ሲገልጠው የመዳቡ ቁር፣ የትከሻው ሰሌዳ፣ የእርሳስ ጫማዎቹና የተጠቀለለው ልብስ ተኝተዋል። መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ አግኝቶ ነው የገዛው። «እንግዳ መቀበያው ላይ አቆመዋለሁ። ሰው ፎቶ ይነሣበታል። ጎማው እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፤ እርስዎ ይለጥፉልኛል፤ የእጁ ግን አዲስ ነው መሰለኝ፣ ከነማሸጊያው ነው ያገኘሁት» አለ።

ኤርሳዶ ቁሩን በመዳፉ ነካው። «ሌላ ሰው ፈልግ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የት አለና! ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሊያየው ፈለገ። «ተወው፣ አስቀምጠው» አለ። አምስት ቀን በሩን ገርበብ እያደረገ ሸራውን ሲለጥፍ፣ የአንጓውን አዲስ ጎማ በቦታው ሲያስገባ ከረመ።

በስድስተኛው ቀን ጥሩነሽና ኤልሳዕ መጡ። የጊፋታ ሳምንት መሆኑን ረስቶት ነበር። ጥሩነሽ ቀጭን፣ ወገቧ ያልጎበጠ ሴት ናት። ቅቤዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ይሄ ምንድነው?» አለች በወላይትኛ። «ኤርሳዶ፣ እሱ ነው እንዴ? ቶማ ይለብሰው የነበረው?»

«የእሱ አይደለም። ዓይነቱ ግን ያው ነው» አለ።

ዞር ዞር እያለች አየችው። መስኮቱን ነካች፣ ጫማውን ልታነሣ ሞክራ ተወችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። ኤልሳዕ ሁምቦ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሞት ገና በማኅፀን ነበር። ቁመቱ የአባቱ፣ ትከሻው የአባቱ ነው። «ልጄን አልብሰው» አለች። «ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም። ሬሳውንም አላየሁ። አንድ ጊዜ ልየው።»

እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ኤርሳዶ ጎማ ሊያስጠግኑ የቆሙ አራት ባለባጃጆችን ጠራ፤ የአንገቱን ጎማ በአራት በኩል ያዙ። «ለጥጡት! ለጥጡት እንጂ፣ ምን ትስቃላችሁ!» ኤልሳዕ ጫማውን አውልቆ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ተደግፎ ወረደበት። ልብሱ እስከ አንገቱ ሲወጣ ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኤርሳዶ ፊቱን ላለማየት ወደ እጅጌው አጎነበሰ። እጁ በአንጓው ጎማ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። አንዴ ገፋ፣ ሁለቴ ገፋ፤ አዲስ ጎማ ነው፣ አያልፍም። «ሳሙና አምጡልኝ» አለ ኤርሳዶ።

«ሳሙና ምን ያደርጋል» አለች ጥሩነሽ፤ የእንሰቱን ቅጠል ፈታ በጣቷ ቅቤ ዘገነች። «በዚህ ባንዴ ያልፋል። ና እጅህን ስጠኝ ልጄ።»

«ተይው!» ኤርሳዶ እንዲያ ሲጮህ ባለባጃጆቹ እንኳ ሰምተውት አያውቁም። እጇን አፈፍ አድርጎ ያዘ። «ቅቤውን አታስነኪው!»

«ምን ሆንክ አንተ? ቅቤ እኮ ነው!»

«እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት» አለ። ተገልብጦ በተቀመጠ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «እኔም ቅቤ እኮ ነው አልኩ። ጥሩነሽ፣ ቶማን የገደለው ቅቤ ነው። ጎማውን በላው። የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ። እሱ ልብሱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚይዘው። ቸልተኝነት አልነበረበትም።»

ባለባጃጆቹ የአንገቱን ጎማ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ኤልሳዕ እጆቹ እጅጌው ውስጥ እንደታሰሩ ቆሟል፤ መውጣት አይችል፣ መቀመጥ አይችል።

«ወረቀቱስ?» አለች ጥሩነሽ።

«ወረቀቱ ውሸት ነው።»

«አንተ አይደለህም ያነበብክልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«አውልቁልኝ» አለ ኤልሳዕ። አራቱ ባለባጃጆች ጎማውን ለጠጡት፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ኤርሳዶ ተነሥቶ በብብቱ ሥር ደገፈው፤ የቶማ ልጅ ትንፋሹን እየቆራረጠ ከልብሱ ወጣ። ጥሩነሽ ቅቤዋን መልሳ በቅጠሉ ጠቀለለች፤ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ልጇን አስከትላ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ኤልሳዕ ብቻውን መጣ። ከድሮ ጀምሮ «አጎቴ» ነበር የሚለው፤ ያን ቀን ግን ምንም ብሎ አልጠራውም። አልተቀመጠም። «እናቴ ቅዳሜ ይምጡ ብላለች» አለ። «ያኔ ወረቀቱን ያነበቡበት ሜዳ ላይ። ያኔ የነበሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው በሕይወት ያሉት፤ እነሱ ተጠርተዋል። ልጆቻቸውም ይመጣሉ። እዚያው ቆመው ይንገሯቸው።»

«ባልመጣስ?» አለ ኤርሳዶ። ለምን እንዳለው ራሱም አያውቅም።

«ባይመጡም እሷ እዚያው ሜዳ ላይ ትቀመጣለች» ብሎት ሄደ።

ቅዳሜ ኤርሳዶ የእሑድ ኮቱን ለብሶ በሚኒባስ ወደ ሁምቦ ወረደ። ቁልቁል በሄዱ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ ጋራዎቹ ላይ የተተከለው ዛፍ አድጎ ደን ሆኗል፣ ያኔ ራቁት ነበሩ። እሱ ግን ደኑን አላየም። አንድ ያልተናገረው ነገር ነበረው። ስለ ቅቤው ተናግሯል፤ ስለ ወረቀቱ ተናግሯል። ይቺ አንዷ ግን ከሁሉ የከፋችው ናት።

ቶማ ቅቤ መሆኑን ያውቅ ነበር። እንዴት አያውቅ፣ እያሸተተው! በመጀመሪያው ቀን እጁን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ «ኤርሳዶ፣ ይሄ ነገር ችግር የለውም? አሠልጣኙን ጠይቀኸዋል?» ብሎት ነበር። ኤርሳዶ አልጠየቀም። ከወላይታ የመጣ ገጠሬ ቅቤ ይዞ መጣ ብለው እንዳይስቁበት አፍሮ ነው ያልጠየቀው። «ጠይቄዋለሁ፣ ችግር የለውም አለኝ» ብሎ መለሰለት። ቶማ አመነው። የሚያለብስህን ሰው ካላመንክ ማንን ልታምን ነው?

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ከራሱ ጋር ሲሟገት ነበር። ይቺን ማን ያውቃል? ማንም። ቶማ ያውቅ ነበር ብሎ ቢያቆም ውሸት አይሆንም፤ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰዎቹም «ሁለቱም ልጆች ነበሩ፣ ሳያውቁ ነው» ይሉታል። ሽበት አብቅሎ፣ በምእመናን ፊት ቆሞ ጸልዮ፣ ዛሬ በገዛ አፉ ራሱን የውሸታም ውሸታም ያድርግ? እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያ አይበቃም? እንዲህ እያለ ወረደ።

ሜዳው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የቶማ ታላቅ ወንድም እሸቴ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መካከል አቁሟል። ጥሩነሽ መሬት ላይ ናት፤ ኤልሳዕ ከጎኗ። ወንበር የሰጠው የለም። ኤርሳዶ ያኔ በቆመበት ቦታ ቆመ። በወላይትኛ፣ ሳይቸኩል፣ ሁሉን ተናገረ፤ ቁስሉን፣ ቅቤውን፣ የተቀደደውን ጎማ፣ «በሳሙና» ያላትን ቃል፣ ወረቀቱን እያወቀ ማንበቡን። ሰዎቹ ሳያቋርጡ ሰሙት።

ሲጨርስ ኤልሳዕ ተነሣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «አባቴ ቅቤ መሆኑን ያውቅ ነበር?»

ኤርሳዶ ልጁን አየው። ያ ትከሻ፣ ያ ቁመት። «አዎ» ብሎ መቆም ይችል ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለ። «ጠይቆኛል። ችግር የለውም ወይ፣ አሠልጣኙን ጠይቀኸዋል ወይ ብሎኛል። እኔ ጠይቄዋለሁ አልኩት። አልጠየቅሁም። ዋሽቼው ነው። እኔን አምኖ ነው የወረደው።»

ጉርምርምታ ተነሣ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። እሸቴ በከዘራው ተደግፎ ቆመ። «ከፊታችን ሂድ!» አለ። «ወንድሜን ሁለት ጊዜ ነው የገደልከው! ሂድ!»

ኤርሳዶ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ልክ ነው አለ በልቡ። ሊሄድ ዞረ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው የጥሩነሽ ድምፅ ተሰማ። የምትናገረው ለእሱ አልነበረም። ተነሥታለች፤ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አስራለች። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን የድሮ ለቅሶ ብዙም አትወደውም፤ ግን የከለከላት የለም።

«ቶማ!» አለች። «ቶማ ስማኝ! ልጅህን ስወልድ ረገምኩህ። ጣሪያችን ሲያፈስ ረገምኩህ። ሚስቱ ያረገዘች ሰው እንዴት ለራሱ አይጠነቀቅም አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተቆጣሁህ። ጠይቀህ ነበር ለካ! ጠይቀህ ነበር፣ የኔ ጌታ! ልትመለስልኝ ፈልገህ ነበር!»

አሮጊቶቹ ተነሡ። ያኔ ወረቀቱ ሲነበብ ዝም ካሉት ሦስቱ እዚያ ነበሩ፤ ውዳሴውን አነሡት። ጠይቆ ነበር አሉ። ለሚስቱ ሲል ጠይቆ ነበር፣ ባሕር ሥር የወረደው ጎበዝ፣ ጓደኛውን ያመነው ጨዋ። ኤልሳዕ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። እሸቴ ከዘራውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኤርሳዶ ሜዳው ጫፍ ላይ ደርሷል። ወደ መንገዱ ሊወጣ ሲል ጥሩነሽ ለቅሶዋን አቋርጣ ጠራችው።

«የት ትሄዳለህ?»

ቆመ። ወደ እሷ መዞር አልቻለም።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «ልበልህ አልበልህ ገና አላውቅም። ግን ያኔም ሳታለቅስለት ነው የሄድከው። ና፣ ተቀመጥ።»

ተመለሰ። ከሰዎቹ ሁሉ ኋላ፣ መሬት ላይ፣ በእሑድ ኮቱ ተቀመጠና ለቶማ አለቀሰ።